ቮልስ፦ በመፍቻና በካቻቢቴ የሚኖር መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ከሚሽከረከሩት የቮልስዋገን ቢትሎች፣ በእኛ አጠራር ቮልሶች፣ ብዙዎቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ የመኪና ቀረጥ ከባድ ስለሆነ ሰው ያለውን ይዞ ይኖራል ይባላል። ቀረጡ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና ቀረጥ ባለቤቱ አሮጌ መኪናውን ለምን እንደማይጥል ያስረዳል፤ መኪናው ጠዋት ለምን እንደሚነሳ አያስረዳም። ቮልስን ያቆየው የአሠራሩ ግልጽነትና ይህን አሠራር የሚያውቁ እጆች በአገራችን መኖራቸው ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናው በትንሽ በትንሹ እንዲታረም ሆኖ ተሠርቷል፤ የሚያርመውም ሰው አላጣም።

ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ውሃም ራዲያተርም የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚገፋው አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፖርሼ የሚለውን ስም ይዞ የወጣው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና፣ 356፣ የተነሳው ከዚሁ ከቮልስ ሞተርና አካላት ነበር። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ውድ 356 መኪናውን በእረፍት ቀኑ የሚነካካ ሰውና አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሥር የተጋደመ መካኒክ ሙያቸው ተቀራራቢ ነው። የቮልስ ሞተር ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች በመሆኑ የለመደ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ እስኪያበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል። መሠረታዊ አሠራሩ ለረጅም ዘመን ስላልተለወጠ የአንዱ ዓመት ዕቃ ብዙ ጊዜ ለሌላው ይገጥማል፤ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የትንሽ ጥገና ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ቫልቮቹ ላይ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል 0.15 ሚሊ ሜትር፣ በቀደሙት ሞተሮች ደግሞ 0.10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ቫልቭ በሙቀት ብዛት ይረዝማል፤ መቀመጫውም ይበላል። ክፍተቱ እየጠበበ ሄዶ ሲጠፋ ቫልቩ አጥብቆ መዘጋት ያቅተዋል። የተዘጋ ቫልቭ ሙቀቱን ለመቀመጫው ያስተላልፋል፤ ገርበብ ያለው ግን የሚነድ ጋዝ እያለፈበት ይቃጠላል። በቀደሙት ቮልሶች ላይ ቶሎ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ወደዚያ የሚደርሰው አየር ያነሰና የሞቀ ነው፤ ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው በእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴሉ ነው። ባለቤቱ ግን እስከዚያ መጠበቅ አላስፈለገውም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ክዳኑን ከፍቶ፣ ክፍተቱን በስስ የብረት መለኪያ ለክቶ፣ ብሎኑን በጥቂቱ ማዞር ሞተሩን ያድነዋል።

ቦታም ሥራውን ይወስነዋል። ለምሳሌ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን በማየት ይህን ያውቃል፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ተስማምቷል። ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊ ላይ ወደ ቆጋ ግድብና 7,000 ሄክታር ወደሚያለማው መስኖ ጎራ ለሚል ደግሞ ጠላቱ የበጋ አቧራ ነው። የቀደሙት ቮልሶች የአየር ማጣሪያ ዘይት ስለሚይዝ አቧራው እዚያው ይቀራል። ሲቆሽሽ ዘይቱን መድፋት፣ ማጣሪያውን በላምባ ማጠብ፣ እስከ ምልክቱ አዲስ ዘይት መሙላት ነው። ጉዞው ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል ከደጀን በታች የዓባይ በረሃ ይጠብቃል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው የታምቡር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። በከባድ ማርሽ መውረድና ከመነሳት በፊት የአራቱንም ጎማ ፍሬን በካቻቢቴ ማስተካከል ግድ ነው።

አሮጌ መኪና አደገኛ ነው፣ አየርም ይበክላል የሚል ተቃውሞ አለ። የደኅንነቱን ነገር እቀበላለሁ። ጥገና የሌለ ኤርባግ አይፈጥርም፤ ከባድ መኪኖች በሚበዙበት አውራ ጎዳና ቤተሰብን በቮልስ ማመላለስ ትክክል አይመስለኝም። የጭሱ ክስ ግን የሚቆመው በከፊል ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል፤ ሁለቱም የሚታረሙ ብልሽቶች ናቸው። ታርሞም ቢሆን ከዘመናዊ መኪና ይበልጥ ይበክላል፤ ብዙ ለማይነዳ መኪና ግን ይህ ሊታገሡት የሚቻል ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ የካርቡሬተር ዕውቀት ጊዜው አልፏል የሚሉም አሉ። ካርቡሬተሩ ያልፍ ይሆናል። ምልክት ማንበብ፣ መለካት፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት ግን ለኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን፣ ኩሽኔታና ሽቦም ያስፈልጋል፤ ይህን ለጀማሪ ለማሳየት ደግሞ ሁሉ ነገሩ በዓይን ከሚታይ ሞተር የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ባሕር ዳር ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቷ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተቋቁሞ ቴክኒሺያኖችን ያፈራ፣ ኋላም ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አንድ የቮልስ ሞተር ወርክሾፓቸው ውስጥ ቢያኖሩና አንጋፋ መካኒኮችን ጋብዘው ቢያስተምሩበት ወጪው ትንሽ ነው።

ቮልስ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ የቤንዚን ቱቦውን ፈትሹ። ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ ብዙ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህ ነው። ስንጥቅ ካያችሁበት ሞተሩን ሳታስነሱ ከነማሰሪያው ቀይሩት።