ተቃውሞ፦ ምጣዱን የሚያግለው፣ ሶኬቱንም የሚያቀልጠው



የዛሬው ርእሳችን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ በተለምዶ ሬዚስታንስ የምንለው ነው። ለፊዚክስ ተማሪ የታወቀ ርእስ ነው። ሆኖም በምሽት የምጣዱ ሙቀት ለምን እንደሚያንስ፣ ሶኬቱስ ለምን እንደሚጠቁር የሚጠይቅ ሁሉ፣ ቃሉን ባይጠራውም፣ ስለ ተቃውሞ እየጠየቀ ነው።

በብረት ውስጥ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች በቮልቴጅ ግፊት ሲጓዙ ያለ እንቅፋት አይሄዱም። ከሚርገበገቡ አተሞችና ከባዕድ ቅንጣቶች ጋር እየተላተሙ ጉልበታቸውን ያስረክባሉ፤ ብረቱም ይግላል። ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ ይህን በሕግ አስቀመጠው፦ የሙቀት መጠኑ ካልተለወጠ፣ ቮልቴጅ የከረንትና የተቃውሞ ብዜት ነው። የተቃውሞ መለኪያም በስሙ ኦም ተባለ።

የሽቦን ተቃውሞ የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው። ሽቦው ሲረዝም ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሲወፍር ይቀንሳል። በቆጂ የሯጮች አገር ናትና፣ ብዙ ሯጮች በሰፊ ሜዳና በጠባብ ረጅም መተላለፊያ ሲያልፉ ያለውን ልዩነት ማሰብ ይበቃል። ሦስተኛው የሽቦው ዓይነት ነው፤ ከኒኬልና ከክሮሚየም የሚሠራው ኒክሮም፣ ርዝመቱና ውፍረቱ እኩል ከሆነ መዳብ ከ60 ጊዜ በላይ የበለጠ ተቃውሞ አለው። አራተኛው ሙቀት ነው፤ መዳብና አሉሚኒየም ሲሞቁ ተቃውሟቸው ይጨምራል።

ሬዚስተር ይህንኑ ባሕርይ በልክ የሚያቀርብ ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ በሴራሚክ ዘንግ ላይ ስስ የካርቦን ወይም የብረት ሽፋን ይለበጣል፤ ሽፋኑ እንደ ጠመዝማዛ ሲቀረጽ የከረንቱ መንገድ ይረዝማል፣ ይጠብባልም። ለምሳሌ 2 ቮልትና 20 ሚሊአምፔር የሚበቃትን ኤልኢዲ ከ5 ቮልት ምንጭ ጋር ለማገናኘት፣ የተረፈውን 3 ቮልት ለ0.02 አምፔር እናካፍላለን፤ 150 ኦም እናገኛለን። ይህ በቡኒ፣ አረንጓዴና ቡኒ ቀለበቶች ይታወቃል። የሚባክነው 0.06 ዋት ስለሆነ ባለ ሩብ ዋቱ ሬዚስተር ይበቃል።

አሁን ወደ ማእድ ቤት እንግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የተዘረጋ ትልቅ ሬዚስተር ነው። ተቃውሞው 14 ኦም ነው ብንል፣ በ220 ቮልት 15.7 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 3460 ዋት ያህል ሙቀትም ይሰጣል። ምሽት ላይ ሁሉም ቤት ሲጠቀም የሰፈሩ መስመር ራሱ ሬዚስተር መሆኑ ይገለጣል፤ ከፊሉ ቮልቴጅ በመንገድ ይቀራል። ለምጣዱ 180 ቮልት ቢደርሰው የሚሰጠው ሙቀት 2310 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ቮልቴጁ በ18 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በሲሶ ይወርዳል፤ ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ይሄዳልና። ስለዚህ በመስመሩ ጫፍ ያለች እናት እንጀራዋ አልበስል ቢላት ጥፋቱ የሊጡ አይደለም።

ከዚህ የከፋው የላላ ግንኙነት ነው። በሶኬቱ ውስጥ ብሎን ላልቶ የግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ በምጣዱ ከረንት 115 ዋት ገደማ በአንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል። ሙቀቱ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ተቃውሞውን ይጨምራል። ከረንቱ ግን ከወትሮው በጥቂቱ ስለሚያንስ ብሬከሩ አይወርድም። ቤት የሚያቃጥለው አደጋ ጠባቂው ሳያየው የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ደጋማው አየርም የራሱ ድርሻ አለው። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩም በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን በሚገባ አያነሣም። ብርዱ በከፊል ቢያካክስም፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ሬዚስተር ወይም ትራንስፎርመር እዚህ ሲተከል የተጻፈለትን ዋት እስከ ጫፍ ማስጫን አይገባም።

ለተማሪዎቼ አደራ የምለው ይህ ነው፦ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ የምጣዱን መሰኪያ ከጋገራችሁ በኋላ ተመልከቱ። የጠቆረ ወይም የለሰለሰ ፕላስቲክ ካለ፣ ዋናውን ማብሪያ አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። የኦም ሕግ ለፈተና ብቻ የተማርነው እንዳይሆን።