ከቀዩ ሳህን ጀርባ

ቀረብ በሉና ልንገራችሁ። ባክቴሪያ ላይኮፒንን፣ ያንን ቲማቲም የሚያቀላውን ቀለም፣ ሲያመርት የሚያሳየውን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። በክብ ሳህን ላይ ፍም የመሰሉ ነጥቦች ተበትነው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ሳህን ለዓመታት ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ለፎቶ የሚወጣው ተመርጦ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ በሚቀሩት ሳህኖች ላይ በቀዮቹ መሃል ገርጣ ያሉ ነጥቦች አሉ፤ እንቅልፍ የሚነሱን እነሱ ናቸው።

በሳህኑ ላይ የምናሳድገው ባክቴሪያ፣ ኢ. ኮላይ፣ ላይኮፒን መሥራት በተፈጥሮው አይችልም። የሚያቀሉት ሦስት ዘረ መሎች ቀድሞ ኤርዊኒያ ኡሬዶቮራ ይባል ከነበረ ሌላ ባክቴሪያ የመጡ ናቸው። ይህ ባክቴሪያ የተገኘው የሰብል ዋግን ሲያጠቃ ነው፤ ስሙም «ዋግ በሊታ» እንደማለት ነው። ማሳው በዋግ ሲመታ ያየ የገበሬ ልጅ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እኔን ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓናዊው ኖሪሂኮ ሚሳዋና ባልደረቦቹ የዘረ መሎቹን ሥራ ለይተው አሳዩ። አንድ ዘረ መል ሲታከል ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ይዞራል፤ የካሮት ቀለም፣ ቤታ ካሮቲን ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ ሴሉ ቀለሙን አይፈልገውም። ላይኮፒን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ሴሉ ግድግዳውን ለመገንባትና ኃይል ለማመንጨት የሚያስፈልገው ያው ጥሬ ዕቃ ነው። ከአፉ ነጥቀን ነው ቀለም የምናሠራው። ስለዚህ ዘረ መሎቹ የተጫኑበትን ፕላዝሚድ የተባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት የጣለ ሴል ጭነቱ እንደተራገፈለት በቅሎ ሌሎቹን ቀድሞ ይሄዳል። በትንሽ ብልቃጥ፣ በአንድ ሌሊት፣ ይህ ብዙም አይታወቅም። በትልቅ ጋን ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ግን የገረጡት ይበዛሉ። ፕላዝሚዱ አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ዘረ መልም ስለሚይዝ፣ አንቲባዮቲክ ጨምረን ፕላዝሚዱን የጣለውን እንገድላለን። ፕላዝሚዱን ይዞ የቀለሙን ዘረ መል ብቻ ያበላሸውን ግን መድኃኒቱ አይነካውም።

ስለ ምርቱ መጠን «በአንድ ግራም ደረቅ ሴል ይህን ያህል ሚሊግራም ላይኮፒን» ሲባል ከሰማችሁ፣ «በሊትርስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥቂት ሴሎች እጅግ ከቀሉ ቁጥሩ ያምራል፤ ከጋኑ የሚወጣው ግን ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ለጤና ይበጃል ስለሚባለውም አልደብቃችሁም። ላይኮፒን ኦክሲጅንን ቀድሞ የሚጋፈጥ ቀለም ስለሆነ ራሱ ቶሎ ይጠፋል፤ ብልቃጡን በፎይል ጠቅልለን በደብዛዛ መብራት የምንሠራው ለዚህ ነው። በቱቦ ውስጥ ያለው ይህ ጉልበት በሰው አካልም እንዲሁ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ የላይኮፒን ዘመድ የሆነውን ቤታ ካሮቲን በቀን 20 ሚሊግራም በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። «ፀረ ኦክሳይድ» የሚለውን ቃል በማስታወቂያ ላይ ባየሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በቀደም አንዲት ተማሪያችን የገረጡ ነጥቦች የበዙበትን ሳህን ልትጥል ስትል፣ «ቆይ እቴ» ብዬ ተቀበልኳት። መስኮቱ አጠገብ ቆመን አብረን ቆጠርናቸው። ከዚያም ትልቋን ገርጣ ነጥብ በእንጨት ጫፍ ነክታ ለብቻዋ ዘራቻት፤ ከዘረ መሎቹ የተሰበረው የትኛው እንደሆነ ልናነብ።