ከኮሶዬ እስከ ጎንደር፦ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት በርና የእኛ ልጆች

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚያቀናው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ከተጓዘ በኋላ ኮሶዬ ይደርሳል። ቦታዋ የወገራ ደጋ ናት። በአንድ በኩል የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በሌላ በኩል ዓይን እስኪያዞር ድረስ ቁልቁል የሚወርድ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ እርስ በርሱ የተደራረበ ተራራ ይታያል። ይህን ለማየትና ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ለመጎብኘት እንግዳ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ይመጣል።

ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ግን የኮሶዬን ውበት አይደለም፤ መንገዱን ነው። ይህ መንገድ ለእንግዳው የሽርሽር መንገድ ነው። ለአገሩ ልጅ ግን ለረጅም ዘመን የትምህርት መንገድ ሆኖ ኖሯል። 8ኛ ክፍልን ያጠናቀቀ የደጋ ልጅ ከዚያ በላይ ልማር ካለ ወይ ወደ ሰሜን ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወይ ወደ ደቡብ ወደ ጎንደር መሄድ ነበረበት። ስንቁን በጀርባው አዝሎ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የወረደው ልጅ ብዙ ነው። አንዳንዱ ሐኪም፣ አንዳንዱ መምህር ሆኖ ተመልሷል። አንዳንዱም መንገድ ላይ ቀርቷል። እኛ ሙስሊም ቤተሰቦችስ በዚህ መንገድ ላይ የት ነበርን? ዛሬስ የት ነን?

ትምህርት ቤቱ ከየት መጣ?

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ት/ቤት በ1900 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ነው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም የተፈሪ መኮንን ት/ቤት ተከተለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የጣሊያን ወረራ መጣና ት/ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ በግፍ ተገደሉ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የተማረ ሰው ማግኘት እንደ ወርቅ ብርቅ ነበር። በ1935 ዓ.ም በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት፣ በ1938 ዓ.ም የጄኔራል ዊንጌት ት/ቤት የተከፈቱት ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከዚያ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወጣ። በጎንደር በነባርነቱ የሚታወቀው የፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤትም ከከተማው ልጆች ሌላ በየአቅጣጫው ከገጠር የሚመጡትን ተቀብሎ ሲያስተምር የኖረ ነው።

ጎንደር ሌላም ዕድል ገጠማት። በ1945 ዓ.ም ገደማ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ይህ እልቂት አንዱ ምክንያት ሆኖ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በከተማይቱ ተቋቋመ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው እሱ ነው። እንግዲህ በጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ወጣት ትምህርት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ነጭ ጋዋን ለብሰው ወደ ገጠር የሚወጡትን የጤና መኮንኖች በሰፈሩ ያያቸው ነበር።

በ1955 ዓ.ም ከ270 በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን ገብተው በየክፍለ ሀገሩ ተሰማሩ። የህንድ መምህራንም በየት/ቤቱ ነበሩ። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ እንዲያስተምሩ ተደረገ። በአማርኛ ተምሮ ለመጣው የገጠር ልጅ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ባዕድ መምህር ፊት መቀመጥ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደብተሩን የሚሞላው የሰማውን ሳይሆን ከሰሌዳ የገለበጠውን ነበር።

እኛ ለምን ዘገየን?

ይህን ጥያቄ ያለ ቂም፣ ነገር ግን ያለ ሽፍንፍን ልናየው ይገባል። በጎንደር የሙስሊሙ ታሪክ ከከተማይቱ ታሪክ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ሙስሊሙ ርስት ስላልነበረው በንግድና በሽመና ኖረ። ወደ መተማና ሱዳን የሚሄደውን ቅፍለት የመራ፣ ሸማውን የሠራ እሱ ነው። ዛሬ አዲስ ዓለም ብለን የምንጠራው ሰፈር የዚህ ታሪክ ምስክር ነው።

እንዲህ ሆኖ ለኖረ ቤተሰብ የመንግሥት ት/ቤት የሌላ ሰው ቤት መስሎ ቢታየው ምን ይገርማል? ልጁ ሱቁን ይጠብቃል፣ ሸማውን ይሠራል፣ ቁርኣኑን ከሸኹ ዘንድ ይቀራል። የመንግሥት ት/ቤት ገብቶ ሃይማኖቱን ቢያጣስ? የሚለው ስጋት ከባድ ነበር። ዒድም ቢሆን ያኔ የትምህርት ቀን ነበር፤ ተማሪው ወይ ከበዓሉ ወይ ከክፍሉ አንዱን መተው ነበረበት።

ይህ የተለወጠው በሰዎች ጥረት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከ100 ሺህ በላይ የሚገመት ሕዝብ የሙስሊሙን እኩልነት ጠይቆ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰለፉ። በ1967 ዓ.ም ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሓ (አረፋ) እና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የታወጀው የመሬት አዋጅ ሙስሊሙን የመሬት ተጠቃሚ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ የዒድ ዕለት ት/ቤቱ ተዘግቶ ሲያይ ይህ ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም።

በሲራ መጻሕፍት የሚተረክ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ መክፈል ያልቻሉ፣ ነገር ግን ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ተደርጓል። አስተማሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ እንዲያውም ትናንት የተዋጉ ጠላቶች ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ፊደሉን ከአስተማሪው ለይተው አዩት። ልጆቹን ከዕውቀት አላራቋቸውም። ይህ ለእኛ በቂ ትምህርት ነው።

ስንቅና የኪራይ ክፍል

የደጋው ተማሪ ኑሮ ምን ይመስላል? ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ተሰባስበው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ቤተሰብ በሶና ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ፣ ድርቆሽ ይልካል። ስንቁ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ወይ ልጁ ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ ይመለሳል። ስንቅ ሲያልቅ ትምህርት ይላላል። ወላጅ በአጨዳ ወቅት ሰው ሲያጥረው ልጁን ይጠራል፤ የተጠራ ልጅ አንድ ሳምንት ይቀራል፤ የቀረበት የሒሳብ ምዕራፍ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ት/ቤቱም ከዘመን ጋር ሲለዋወጥ ኖሯል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ከዚያም በቀይ ሽብር ዓመታት፣ ሻለቃ መላኩ ተፈራ በሚያስተዳድሩት ጎንደር፣ ብዙ ወጣት አለቀ። በዚያ ወቅት ደብተር የያዘ ልጅ ሲያመሽ የእናት ልብ ይርድ ነበር። ተማሪው ሲበዛ ትምህርቱ በፈረቃ ሆነ። በ1986 ዓ.ም አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ወጣና ብሔራዊ ፈተናው ወደ 10ኛ ክፍል መጣ፤ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተባሉ። በ1997 ዓ.ም በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ገባ። መብራት ሲጠፋ መምህሩም አብሮ ይጠፋል እያሉ ተማሪዎች ይቀልዱበት ነበር።

የሙስሊሙ ተማሪ ዕለት

የእኛ ልጅ ከዚህ ሁሉ በላይ የራሱ ጣጣ አለው። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ከሱብሒ ሰላት በኋላ መተኛት የለም። የከሰዓት ከሆነ ዙህርን ሰግዶ መድረስ አለበት። በረመዷን ፆሞ ፈተና ይቀመጣል። ሴት ልጃችን ደግሞ ሂጃቧን ለብሳ በክብር እንድትማር ትፈልጋለች። ይኸው የኮሶዬ መንገድ ሊማሊሞን ተሻግሮ በሚዘልቅበት በአክሱም ከተማ፣ በ2017 ዓ.ም የሴት ተማሪዎች የሂጃብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ መድረሱን ሁላችንም ሰምተናል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለቱ አይጣሉም። የመንግሥት ት/ቤት መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም፤ የሁሉም ልጅ ግን ነው። መብታችንን ስንጠይቅ በጨዋ አንደበት፣ በወላጆች ኮሚቴ በኩል፣ በሕግ መንገድ መሆን አለበት። ልጃችንን ከት/ቤት አስቀርተን የምናስከብረው መብት የለም፤ የምንጎዳው ልጃችንን ነው።

የጠበበው ወንፊት

ዛሬ ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ ያነሱ ነበሩ። ይህ 3.3 በመቶ ነው። በኩረጃ የተሸፈነው ድክመት ያኔ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ልጆቻችን 12 ዓመት ተምረው አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብበው መረዳት ካቃታቸው ጥፋቱ የፈተናው ብቻ አይደለም።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት አካባቢ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ት/ቤቶችን ዘጋ። ዓመት ያለፈው ልጅ እንደገና ደብተር ለመያዝ ያፍራል፤ ሴቷ ደግሞ እየተጠበቀች እያለ ባል ይመጣባታል።

አንድ ወንበር

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም በጎንደር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቁስሉ ከብዙ ቤት አልወጣም። ከዚህ በኋላ ልጄን ከማን ጋር ላስቀምጥ? ብሎ የሚያስብ ወላጅ ቢኖር አንፈርድበትም። ግን እንጠይቀው። የአዲስ ዓለሙ ነጋዴ ልጅና የኮሶዬው ገበሬ ልጅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ አብረው የሚውሉበት ከመንግሥት ት/ቤት ሌላ የት አለ? በአንድ ወንበር ሦስት ሆነው የተቀመጡ፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት የተካፈሉ፣ አንዱ በፆም ሲደክም ሌላው ማስታወሻ የጻፈለት ልጆች፣ ነገ አሉባልታ ሲነዛ ጓደኛዬን አውቀዋለሁ የሚሉ ናቸው። ጎረቤትን ማወቅ የሚጀምረው ከዚያ ወንበር ነው። ሙስሊሙ ከዚያ ወንበር ከተነሳ ባዶ የሚሆነው የእኛ ቦታ ብቻ አይደለም።

ከወላጅ የሚጠበቀው

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ጥቂት ነገር እናሳስባችሁ።

አንደኛ፣ ልጃችሁን ወደ ከተማ ስትልኩ ክፍል ብቻ አትከራዩለት፤ ሰው ፈልጉለት። መስጊድ አጠገብ የሚኖር ዘመድ ወይም የሚታመን ቤተሰብ አደራ ይቀበላችሁ። አደራ ያለበት ልጅ ሲያመሽ የሚጠይቀው አለው።

ሁለተኛ፣ ለስንቅ ስትመጡ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ሳታገኙ አትመለሱ። መምህሩ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ የልጁ አባት መጥቶ የጠየቀውን ተማሪ በተለየ ዓይን ያየዋል።

ሦስተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጀምረው 9ኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛና ሒሳብ ያኔ ካልተያዙ በመጨረሻው ዓመት የሚደረግ ሩጫ ትርፉ ድካም ነው።

አራተኛ፣ ሴት ልጃችሁን ከወንድሟ አታሳንሱ። የቤቱን ሥራ ለሁለቱም አካፍሉ። በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም መደበኛው ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የምትማር ልጅ ነገ የእናቷን የሐኪም ወረቀት የምታነብ፣ የልጆቿን ዲን በማስረጃ የምታስተምር ናት።

አምስተኛ፣ ጀማዓው ይነሳ። በየመስጊዱ ከዒሻ በኋላ መብራት ያለበት አንድ የጥናት ክፍል፣ ክረምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ልጆች ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩበት ሁለት ወር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኒያ ነው።

እናንተም ተማሪዎች! ወላጆቻችሁ የሚልኩት በሶ ከጉልበታቸው የተቆረሰ ነው። የሰላታችሁን ሰዓት ስትጠብቁ የክፍላችሁንም ሰዓት ጠብቁ፤ ሁለቱም አደራ ነው። ኩረጃ ደግሞ ሌብነት መሆኑን አትርሱ። ዲፕሎማ ሊያስገኝ ይችላል፤ በረካ ግን የለውም።

አያቶቻችን ያ በር ተዘግቶባቸው ነበር። አባቶቻችን በሰልፍና በትዕግሥት ከፈቱት። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ መንገዱ ግን አሁንም ሽቅብ ነው። አላህ ሰላሙን መልሶ የተዘጉትን ት/ቤቶች ይክፈትልን፤ ከየደጋው ስንቁን ይዞ የሚወርደውንም ልጅ በሰላም ሄዶ በሰላም ከሚመለሱት ያድርግልን። አሚን።