ልጅዎ የዋና ቡድን ሲገባ



አንድ ክረምት እኛ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በአንዲት የጣና ዳር ቀበሌ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ እናስተምር ነበር። በዚያው ሰሞን በአቅራቢያው ባለችው ከተማ የወጣቶች የዋና ቡድን ሊቋቋም ነው ተባለ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ይህንኑ ለወላጆች ነገርናቸው። ብዙዎቹ ሣቁብን። «ዋና ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ልጆቻችን ከዓሣ ጋር አይደል እንዴ ያደጉት!» አሉን።

አንዲት እናት ግን አልሣቁም። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ውሃ አንዱን ወስዶብኛል። የቀረውን ደግሞ በገዛ እጄ ላስረክበው?» አሉ።

ያን ቀን የምንመልሰው አጣን። ከዚያ በኋላ አሰልጣኙን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነውን እነሆ ጻፍነው። ጥያቄው የእኚያ እናት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለንና።

ውሃ ሰውን እንዴት ይወስዳል?

አገራችን ውስጥ «እያሳሳቀ እንደ ውሃ» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሰጥም ሰው ይጮኻል ብሎ ያስባል። ብዙውን ጊዜ ግን አይጮኽም። ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፤ የሚሰጥመው ሰው ደግሞ አየር ነው ያጣው። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለጥቂት ጊዜ ነው። ያቺንም ለመተንፈስ ይጠቀምባታል። እጁን እያውለበለበ ሰው መጥራትም አይሆንለትም። ስለዚህ ልብስ የሚያጥብ ሰው በአጠገቡ እያለ እንኳ አንድ ልጅ ሳይሰማ ሊሰጥም ይችላል።

«ልጄ ዋና ያውቃል» የሚል ወላጅም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። እግሩ መሬት በሚነካበት ዳር ላይ ማንቦጫረቅ አንድ ነገር ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲደክም ማረፍ፣ መተንፈስና ወደ ዳር መመለስ ሌላ ነገር ነው። እረኞች እርስ በርስ የሚማማሩት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

የዋና ቡድን ምንድን ነው?

የዋና ቡድን ማለት በአንድ አሰልጣኝ ሥር ሆነው በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚሠለጥኑ ልጆች ስብስብ ነው። ልጆቹ በዕድሜና በችሎታ ይከፋፈላሉ። የ9 ዓመት ልጅ ከ15 ዓመት ጎረምሳ ጋር አይወዳደርም።

አዲስ የገባ ልጅ መጀመሪያ መወዳደር አይማርም። መጀመሪያ የሚማረው ውሃ ውስጥ መተንፈስ ነው። ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ አየሩን ቀስ ብሎ ያወጣል፤ ቀና ብሎ አየር ይስባል። ይህን ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። ቀጥሎ በጀርባው መንሳፈፍን ይማራል። አፉ የታሰረ ባዶ ጀሪካን ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አይተዋል አይደል? የሰው ሳንባም አየር ሲሞላ እንደዚያ ነው። ደንግጦ የሚፈራገጥ ልጅ ጉልበቱን ይጨርሳል። ሰውነቱን ለቀቅ አድርጎ በጀርባው የተኛ ልጅ ግን ፊቱ ከውሃው በላይ ይሆንና ይተነፍሳል።

እንግዲህ ለእኚያ እናት የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ ልጁን አስቀድሞ የሚያስተምረው እንዳይሰጥም ነው። ውድድሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አራቱ የዋና ዓይነቶች

በውድድር ላይ አራት ዓይነት ዋና አለ።

አንደኛው ነፃ ዋና ነው። ዋናተኛው በደረቱ ተኝቶ እጆቹን ተራ በተራ ወደፊት እየወረወረ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል። ከሁሉ የሚፈጥነው ይህ ነው።

ሁለተኛው የጀርባ ዋና ነው። በጀርባ ተኝቶ ሰማይ እያዩ መዋኘት ነው።

ሦስተኛው የደረት ዋና ነው። እግሩ የእንቁራሪትን እግር ይመስላል። ከአራቱ የሚዘገየው ይህ ነው።

አራተኛው የቢራቢሮ ዋና ነው። ሁለቱ እጆች ባንድ ላይ ከውሃው ወጥተው ወደፊት ይወረወራሉ። ሁለቱ እግሮችም እንደ ዓሣ ጅራት ባንድ ላይ ይመታሉ። ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

ትልቁ የመወዳደሪያ ገንዳ 50 ሜትር ይረዝማል። አነስተኛው 25 ሜትር ነው። ገንዳው ከዳር እስከ ዳር በተዘረጉ ተንሳፋፊ ገመዶች በመስመር ይከፈላል። እያንዳንዱ ዋናተኛ የራሱ መስመር አለው። ከመስመሩ ወጥቶ የሌላውን መንገድ ቢዘጋ ከውድድሩ ይሰረዛል። ምልክት ሳይሰጥ ቀድሞ የዘለለም እንዲሁ ይሰረዛል።

ርቀቱ ከ50 ሜትር ጀምሮ እስከ 1,500 ሜትር ይደርሳል። ሰዓቱ የሚቆመው ዋናተኛው የገንዳውን ግድግዳ በእጁ ሲነካ ነው። አንድ ሰከንድ መቶ ቦታ ተከፍሎ ይቆጠራል። ቅብብልም አለ። አራት ልጆች ተራ በተራ ይዋኛሉ፤ አንዱ ግድግዳውን ሲነካ ሌላው ይዘላል። አንዱ ቢሰንፍ አራቱም ይዘገያሉ። ደቦ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ልጅዎ ከውድድር ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ብቻ አይጠይቁት። «ካለፈው ጊዜ በስንት ሰከንድ አሻሻልክ?» ብለው ይጠይቁት። አሰልጣኙ የእያንዳንዱን ልጅ ሰዓት መዝግቦ ይይዛል። መጨረሻ የወጣ ልጅ እንኳ ከራሱ ያለፈ ሰዓት አምስት ሰከንድ ቀንሶ ከሆነ ጥሩ ሠርቷል ማለት ነው።

አባቱን ውሃ የወሰደበት ልጅ

በሃንጋሪ አገር አልፍሬድ ሃዮሽ የሚባል ልጅ ነበረ። 13 ዓመት ሲሆነው አባቱ ዳኑብ በሚባለው ትልቅ ወንዝ ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ልጁ ከዚያ በኋላ ከውሃ አልሸሸም። ጎበዝ ዋናተኛ ለመሆን ቆረጠ።

ጊዜው ደረሰ። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ 40 ቀን ያህል ቆይቶ፣ በሚያዝያ ወር 1888 ዓ.ም.፣ በግሪክ አገር በአቴና ከተማ የመጀመሪያው የዘመናችን ኦሊምፒክ ተካሄደ። ያን ጊዜ ለዋናው ገንዳ አልነበረም። ተወዳዳሪዎቹን በጀልባ ወደ ባሕር ወስደው ጣሏቸውና እየዋኙ ወደ ዳር ተመለሱ። ባሕሩ በጣም ይበርድ ነበር። የ18 ዓመቱ ሃዮሽ ብርዱን ለመከላከል ገላውን ቅባት ተቀብቶ ገባ። የ100 ሜትሩንም የ1,200 ሜትሩንም ውድድር አሸነፈ።

100 ሜትሩን የጨረሰው በ1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ገደማ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ ይህንኑ ርቀት በ46 ሰከንድ ከ40 መቶኛ፣ ማለትም ከ47 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዋኝቶታል። የሰው እጅና እግር ያው ነው። ለውጡን ያመጡት ገንዳው፣ ሥልጠናውና በየትውልዱ የተጠራቀመው እውቀት ናቸው።

ሃዮሽ ኋላ የሕንፃ ነዳፊ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በቡዳፔስት ከተማ፣ በዚያው በዳኑብ ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ፣ እሱ በነደፈው ፕላን ትልቅ የዋና ስታዲየም ተሠራ። አባቱን የወሰደው ወንዝ አጠገብ የሌላ ሰው ልጆች ዋና የሚማሩበት ቦታ ቆመ ማለት ነው።

ወላጆች የጠየቁን ጥያቄዎች

«ከብቱን ማን ይጠብቃል?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሥልጠናው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቁ። ከትምህርትና ከቤት ሥራ ጋር የማይስማማ ከሆነ ለአሰልጣኙ ይንገሩት። ጀምሮ ከሚያቋርጥ፣ ሲጀመር ተነጋግሮ መስማማት ይሻላል።

«ሴት ልጅስ?» ውሃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ወንዝ ዳር የሚውል ማነው? ሴት ልጅ አይደለችም እንዴ? እንግዲያስ ዋና ከማንም ይልቅ ለእሷ ያስፈልጋታል። በኦሊምፒክ ሴቶች መዋኘት የጀመሩት በ1904 ዓ.ም. ነው። በ2004 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ኦሊምፒክ ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ስዩም የሚባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን ዋናተኞች በ50 ሜትር ተወዳድረዋል። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናቸው። ለፍጻሜ አልደረሱም፤ ነገር ግን በሯጮቿ በምትታወቅ አገር ስም ውሃ ውስጥ ገብተዋል።

«ወጪውስ?» ልጁ ሰውነቱን የሚይዝ የዋና ልብስ፣ ፎጣና ከሥልጠና በኋላ የሚበላው ምግብ ያስፈልገዋል። ዋና በጣም ያስርባል። የዋና መነጽር ቢኖር ዓይንን ይጠብቃል። ቡድኑ ምን እንደሚችል፣ ወላጅ ምን እንደሚያወጣ በግልጽ ይጠየቅ።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

ልጅዎን ከማስመዝገብዎ በፊት ውሃውን ራስዎ ሄደው ይዩት። አሰልጣኙ ስንት ልጅ ባንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደሚያስገባ ይጠይቁ። አንድ ሰው ብዙ ጀማሪዎችን ባንድ ዓይን ሊጠብቅ አይችልም። የነፍስ አድን ገመድና ረጅም ዘንግ በቅርብ መኖሩን ይመልከቱ። ልጅዎ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ካለበት አይደብቁ፤ ለአሰልጣኙና ለሐኪም ይንገሩ።

ቦታው ሐይቅ ወይም ወንዝ ከሆነ አዞና ጉማሬ አለመኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታም አለ። በሽታውን የሚያመጣው ትል ውሃ ዳር በሚገኙ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ጣና ዳር ይህ በሽታ ይገኛል። መድኃኒት ስላለው ሆዱን የሚያመውን ወይም ደም የሚያስቀምጠውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በክሎሪን የሚታከም ንጹሕ ገንዳ ከዚህ ያድናል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። ሜዳልያ ያገኘ ዋናተኛም ቢሆን የክረምት ሙላት ውስጥ መግባት የለበትም። ጎርፍ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ጉልበትም ችሎታም አይመልሰውም። ሰው ሲሰጥም ቢያዩም ዘለው አይግቡ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይዞ ይሰጥማል፤ አንድ ሰው ሊሞት ሲል ሁለት ይሞታሉ። ዘንግ ይዘርጉለት፤ ገመድ ወይም ነጠላ ይወርውሩለት። አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ቢወረውሩለትም ይዞት ይንሳፈፋል። እርዳታም ይጥሩ። ይህን ልጆች ሁሉ፣ ቡድን የገቡም ያልገቡም፣ ቢያውቁት መልካም ነው።

የእኚያ እናት መልስ

ይህን ሁሉ በየማታው ከትምህርት በኋላ ጥቂት ጥቂት እያልን ተነጋገርንበት። እኚያ እናት መጨረሻ ላይ፣ «እንግዲያስ መጀመሪያ ውሃውን እኔ ልየው» አሉ።

ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አብረናቸው ወደ ገንዳው ሄድን። ዙሪያውን ዞሩት። ከዚያም አሰልጣኙን፣ «ልጄ፣ ብቻህን ስንቱን ነው የምትጠብቅ?» ብለው ጠየቁት። ጀማሪዎችን ባንድ ጊዜ ከስድስት በላይ እንደማያስገባ፣ አንድ ረዳትም ዳር ላይ እንደሚቆም ነገራቸው። «ስድስት?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ሰባተኛ ያስገባህ ለት ልጄን እወስዳለሁ» አሉት። አሰልጣኙም ተስማማ።

መዝገቡ ሲቀርብላቸው ጸሐፊው የጣት ቀለሙን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ። እናታችን ቀለሙን መለሱለት። እስክሪብቶውን ተቀብለው የልጃቸውን ስም፣ ከሥሩም የራሳቸውን ስም፣ ፊደል በፊደል ጻፉ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ የማይጮኸው ለምንድን ነው?
2. አዲስ ልጅ የዋና ቡድን ሲገባ በመጀመሪያ ምን ይማራል?
3. በእናንተ ቀበሌ ልጆች የሚዋኙበት ውሃ የት ነው? ምን ምን አደጋ አለበት?
4. ሰው ሲሰጥም ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? በውሃው ዳር አሁን ገመድ ወይም ዘንግ ይገኛል?