ያውቁ ኖሯል? እንቁራሪት የምትጠጣው በቆዳዋ ነው

እንቁራሪት ውኃ የምታገኘው በቆዳዋ አድርጋ ነው፤ አየርም በከፊል የምትስበው በዚያው ነው። ጠላቷም በዚሁ በር ገባ። ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ ቆዳዋን ሲወርር በደሟ ውስጥ ያለው የጨው ሚዛን ይዛባል፤ በመጨረሻም ልቧ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሰላው በሽታው ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና መሰል እንስሳት ዝርያዎችን አመናምኗል፤ 90ዎቹ ጨርሰው እንደጠፉ ይገመታል። ፈንገሱን ዓለም ያዞረው ሰው ነው፤ ከአገር አገር በሚነግዳቸው እንስሳት ላይ አሳፍሮ። የመኖሪያ ቦታ መመንጠርና የአየር ንብረት ለውጥ ሲታከሉበት፣ ዛሬ በውኃም በየብስም ከሚኖሩት ከእነዚህ እንስሳት 41 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ አንዣብቦባቸዋል። ይህ መጠን ከአእዋፍም ከአጥቢዎችም የከፋ ነው። ፈንገሱ በእኛም ደጋማ አካባቢዎች፣ ባሌን ጨምሮ፣ ተገኝቷል።