ጨረታው ተከፈተ፤ ሙያውንስ ማን ያሳያቸው?

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ነጮች እስኪመጡ ድረስ ንግድ አያውቁም ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሐሰት ነው። በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ከምትገኘው ከሱላዌሲ ደሴት የሚነሡ የማካሳር ሙስሊም ባሕረኞች በየዓመቱ ነፋሱን ተከትለው ወደ ሰሜን አውስትራሊያ ይመጡ ነበር። ትሬፓንግ የተባለውን የባሕር ፍጡር ይወስዳሉ፤ ለዮልንጉ ሰዎች ደግሞ ብረት፣ ጨርቅና ትምባሆ ይሰጣሉ። ዮልንጉዎች እስከ ዛሬ ገንዘብን «ሩፒያ» ይሉታል። ንግዱ የቆመው ገበያተኞቹ ተጣልተው አይደለም፤ መንግሥት ፈቃድ ስለ ከለከለ ነው። የመጨረሻው ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1907 ተመለሰ።

በሌላም በኩል በደል ነበር። በኩዊንስላንድ በ1897 ከወጣው ሕግ ጀምሮ የብዙ አቦርጂኖች ደመወዝ ለአሥርተ ዓመታት በመንግሥት ሹማምንት እጅ ሲያዝ ኖረ። ግዛቱ በ2019 ክሱን በስምምነት ለመጨረስ 190 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እንግዲህ የላቡን ዋጋ በእጁ ያልያዘ አባት ለልጁ ምን ያወርሳል? የጠፋው መነሻ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በአባት ሱቅ ጥግ ተቀምጦ ሥራ ማየትም አብሮ ጠፋ።

ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው በማማከር ሥራ ነው። ባለሱቅ የሚያሳየው ዕቃ አለው፤ አማካሪ ግን የሚሸጠው ዕውቀቱንና መታመኑን ነው። ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል? ዋጋው እንዴት ይቆረጣል? ደንበኛው «ይህንንም ጨምሩልኝ» ሲል ሳያስቀይሙ እንዴት እምቢ ይባላል? ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም። የሚገኘው ከአንጋፋ ባለሙያ ጎን ተቀምጦ ነው።

የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት ከጁላይ 2015 ጀምሮ ከኮንትራቶቹ የተወሰነው ድርሻ ለነባር ሕዝቦች ድርጅቶች እንዲደርስ ደነገገ። በሩ ተከፈተ፤ ብልጣ ብልጦችም አብረው ገቡ። አንድ አቦርጂን በወረቀት ላይ የግማሽ ባለቤት ይሆናል፤ ሥራውንና ትርፉን የሚያዝዘው ሌላ ነው። አገሬው «ጥቁር ሽፋን» ይለዋል። መንግሥት በ2025 የባለቤትነቱ መስፈርት ወደ 51 በመቶ ከፍ እንደሚል ያስታወቀው ለዚህ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን መቶኛ ሙያ አያስተምርም።

ለማስተማር የተሞከረ አለ። በ2001 በኬፕ ዮርክ የተጀመረው ጃውን (በአካባቢው ቋንቋ «ወዳጅ» ማለት ነው) የትልልቅ ኩባንያ ባለሙያዎችን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ይልካል። ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና እንግዳው ሲሄድ ጽሑፉ ይቀራል፣ አጻጻፉ ግን አብሮት ሊሄድ ይችላል። በ2009 የተቋቋመው ኬሪየርትራከርስ መንገዱን ገልብጦታል። ተማሪውን ራሱን ወደ ኩባንያው ያስገባል፣ በየዕረፍቱ ወደዚያው ይመልሰዋል፣ እስኪመረቅም ይከታተለዋል። ለእኔ ይህኛው ይበልጣል፤ ጊዜ ይሰጣልና።

እርግጥ ዛሬ የሠለጠነው ወጣት ነገ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ካሠለጠነው ኩባንያ ጋር ሊጫረት ይችላል። አንዳንድ አለቆች ልጁን ከጀርባ አስቀምጠው ስሌት ብቻ የሚያሠሩት ይህን ፈርተው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ድርጅቶች በጋራ ጨረታ ሲያሸንፉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱን ያየ መርማሪ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ደግ ነበር፤ ደንበኛው ፊት ቀርቦ ሥራውን ያስረዳው ማን ነው?