ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሹ ሰዎች ጉባኤ፦ ተረቱና እውነታው

መጠጥ ያሸነፈው ሰው ካለባቸው ቤተ ዘመድ አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ሰካራምን ከሰካራም ጋር ማስቀመጥ በእሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው ይላሉ። አነጋገሩ ከፍቅርና ከስጋት የመጣ ስለሆነ ተናጋሪውን መንቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን ተረት ነው፤ ተረትነቱም እ.ኤ.አ. በ1935 በሜይ ወር በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክረን ከተማ ተገለጠ።

ቢል ዊልሰን የተባለው የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ፣ ከመጠጥ ከተለየ ገና አምስት ወር ያህል ሲሆነው፣ ለንግድ የሄደበት ጉዳይ ከሽፎበት በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሲንጎራደድ፣ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሁካታ ሲስበው፣ በሌላው ወገን የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ተለጥፎ አየና ስልክ አነሣ፤ ለአንድ ካህን የደወለው ግን ተግሣጽና ምክር ፈልጎ ሳይሆን፣ እንደ እርሱ በመጠጥ የተያዘ ሌላ ሰው እንዲያገናኙት ነበር፤ ሌላውን ለመርዳት በሚደክምበት ጊዜ እርሱ ራሱ ከመጠጥ እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ተረድቶ ነበርና። በዚህ መንገድ የተገናኘው ቦብ ስሚዝ የተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሩብ ሰዓት ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ከአምስት ሰዓት በላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በፊት ብዙዎች ስለ መጠጥ መክረውት ነበር፤ ከገዛ ቁስሉ የሚናገር ሰው ግን ያን ምሽት ሰማ። የሐኪሙ የመጨረሻ መጠጥ የሚዘከርበት ጁን 10 ቀን 1935 ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሕሙማን ማኅበር፣ የልደት ቀን ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸው ሐኪም ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ ሕክምና ጉባኤ ሄዶ እንደገና ሰክሮ ተመልሷል። እንግዲህ «አንድ ጊዜ ወድቄአለሁና በምን ፊቴ እመለሳለሁ» የሚል ወንድማችን ቢኖር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ራሱ ወድቆ የተነሣበት ቤት መሆኑን ይወቅ። ከመባረር ይልቅ «እንኳን ተመለስህ» ይባላል።

ሁለተኛው ተረት ስም ይወጣል የሚለው ነው። ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት በዋሽንግተን ወይም በሌላ የስደት ከተማ ለሚኖር ሐበሻ ይህ ፍርሃት እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በጉባኤው መዝገብ አይያዝም፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ብቻ እንጂ በአባቱ አይደለም፤ የሰማውንም እንደ ኑዛዜ ምሥጢር እንዲጠብቅ ከእያንዳንዱ ይጠበቃል። ይህ በሕግ የተጻፈ ዋስትና ሳይሆን የክብር ቃል ስለሆነ፣ የሚጨንቀው ሰው ከሰፈሩ ራቅ ያለውን ጉባኤ ቢመርጥ ነውር የለበትም። «ዝግ» የሚባለው ስብሰባ ለመጠጥ ሕሙማን ብቻ ሲሆን፣ «ክፍት» ወደሚባለው ዘመድም መግባት ይችላል። መናገር ግዴታ አይደለም፤ «ዛሬ ልስማ» ማለት ይበቃል።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነው፤ ክፍያ የለም፤ አባላቱ በፈቃዳቸው ያዋጣሉ፤ ከውጭ ስጦታ አይቀበሉም። ለአባልነት የሚጠየቀውም መጠጥን ለመተው መሻት ብቻ ነው።

ሃይማኖታችንን ያስለውጣል የሚለው ስጋት ደግሞ በትዕግሥት ሊመለስ ይገባዋል። ማኅበሩ ከክርስቲያናዊ ንቅናቄ የበቀለ ስለሆነ በ1939 የታተሙት ዐሥራ ሁለቱ ደረጃዎች እግዚአብሔርን ያነሣሉ፤ ነገር ግን ለማንም ቤተ እምነት አይገዛም። ከደረጃዎቹ አምስተኛው በደልን በእግዚአብሔርና በሌላ ሰው ፊት መናዘዝ ነው፤ ይህም የንስሐ አባት ላለው ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። መንፈሳዊ ንግግር የማይስማማው ሰውም በ1994 የተቋቋመውን ስማርት ሪከቨሪን የመሰለ ሌላ ጉባኤ ሊፈልግ ይችላል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ጉባኤው ሐኪምን ይተካል የሚለው ነው። ለረዥም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ፣ ቀጥሎም የአእምሮ መቃወስ ሊደርስበት፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ያለ መጠጥ ጥዋትን ማለፍ የማይችል ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ሱባኤ ገብቶ ጠበል ሊጠመቅ የሚሄደውም እንዲሁ፤ ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉምና።

«ታዲያ ይጠቅማልን?» ለሚል፣ በ2020 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሕሙማንን በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር የሚመራ ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በመተው ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ በብዙውም እንደሚበልጥ ደርሶበታል። ይህ ማለት ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ልቡ ያልረካ ሰው ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን ቢሞክር ይሻለዋል፤ ጉባኤ ከጉባኤ ይለያያልና።

የታማሚው ሚስት፣ እናት ወይም ባል ደግሞ አል-አነን የሚባል የራሳቸው ጉባኤ አላቸው፤ በ1951 ያቋቋሙት የዊልሰን ባለቤት ሎይስ ከአንዲት ባልንጀራቸው ጋር ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ቀድሞ ይድረስ፤ ወንበር የሚደረድረውን፣ ቡና የሚቀዳውን ሰው ያገኛልና፤ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው በር በፍርሃት የገባ ነው።